ፍሬን ሲያዝ ወደ ቀኝ ስለምትሸሸው የፈተና መኪናችሁ

ለተከበሩ የመንጃ ፈቃድ ፈተና ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎ፣ የቤተሰብዎና የሚሽከረከረው ወንበርዎ ጤና እንደምን ሰንብቷል? እኔ ደህና ነኝ። ቀኝ እጄም ደህና ነው፤ ግራ እጄም ደህና ነው። ይህን ያወቅሁት ግን ከብዙ ምርመራ በኋላ በመሆኑ፣ ራሴን በዚህ መጠን እንድመረምር ላበቃኝ መሥሪያ ቤትዎ በአደባባይ ምስጋና ላቀርብ ብዕር አንስቻለሁ።

እኔ የተማሪዎች ደንብ ልብስ የምሰፋ ሴት ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ መኪና ነድቻለሁ፤ የስፌት መኪና ነው እንጂ። ባለ አራት ጎማዋን የሚነዳው ባለቤቴ ነበር፤ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ዓይኑ እየደከመ ሄዶ ሐኪሙ «ከእንግዲህ መሪ እንዳትይዝ» ባለው ዕለት፣ የመኪናችንን ቁልፍ የስፌት ጠረጴዛዬ ላይ ከመቀሱ አጠገብ አስቀምጦ ወጣ። ደንብ ልብሱ ለየትምህርት ቤቱ መድረስ አለበት፤ እሱም ለሕክምና ከተማውን አቋርጦ መመላለስ አለበት። ስለዚህ የልጅ ልጅ ባየሁበት ዕድሜዬ «ሀ» ብዬ ጀምሬ የእርስዎ ተፈታኝ ሆንኩ።

ቅሬታ ማለቱ አፌን ስለሚይዘኝ፣ ያለኝን ምስጋና በተራ ቁጥር እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

፩. በመጀመሪያው ፈተና፣ ወጣት ተፈታኞች «ጋሽ ቀጥ በሉ» የሚሏቸው ፈታኝዎ ከጎኔ ተቀምጠው «እናቴ፣ ፍሬን ይያዙና መስመሩ ላይ ያቁሙ» አሉኝ። ያዝኩ። መኪናዋ ገመድ እንደበጠሰች ፍየል ወደ ቀኝ ሸሽታ ቀዩን የፕላስቲክ ምልክት ጨፈለቀችው። «እናቴ፣ መሪውን ለምን ጠመዘዙት?» ሲሉኝ አልጠመዘዝኩም ልል ነበር፤ ነገር ግን ኮሌታው የተተኮሰ ሰው ከጠየቀኝ ያላደረግሁትንም ማመን ልማዴ ስለሆነ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ወርጄም የተጨፈለቀውን ምልክት በእጄ አቃናሁት። በውጤቴ ላይ «ፍሬን ስትይዝ መሪ ታጣምማለች» ብለው ጻፉ።

፪. ይህ ፍርድ ራሴን እንዳውቅ ስላደረገኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ቀኝ እግሬ የስፌት መኪና ሲረግጥ ስለኖረ ከብዶ ይሆናል አልኩ። ቀኝ እጄ መቀስ ሲጨብጥ ስለኖረ ጉልበት አብዝቶ ይሆናል አልኩ። ኃይሌን ለማመጣጠን ብዬ ጨርቅ በግራ እጄ መቁረጥ ጀመርኩ፤ በዚህ ምክንያት አንዱ እጅጌ ከሌላው ያጠረ ሸሚዝ ለብሶ የሚማር ልጅ ካጋጠማችሁ የመሥሪያ ቤታችሁ ውጤት ነውና አትውቀሱት። ወጥ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ትሪ እንደ መሪ ይዤ፣ የባለቤቴን ነጠላ ጫማ እንደ ፍሬን እረግጥ ነበር። «ምንድን ነው የሚንኳኳው?» አለ ከሳሎን። «ፍሬን እየያዝኩ ነው» አልኩት። «እንግዲያው ቀስ ብለሽ ያዢ፤ የቆመ ተሳፋሪ አለ» አለኝ። ሚዛኔ ተዛብቶ እንደሆነ ብዬ የጆሮ ሐኪም ዘንድም ሄድኩ። ሐኪሙ በመብራት አይቶ «ጆሮዎ ንጹሕ ነው፤ ችግሩ የሚሰሙት ነገር ሳይሆን አይቀርም» አለኝ። ያን ጊዜ አልገባኝም።

፫. ሁለተኛውን ፈተና እንደ መጀመሪያው ወደቅሁ። ይህን ጊዜ ባለቤቴም ወደ እናንተ ወገን ዞረ። «መኪና ብቻዋን አትጠመዘዝም። እጅሽ ነው» አለኝ፤ ጨምሮም «ቆማ ከምትዝግ እንሽጣት» አለ። ይህን ሲል ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነበር። በዚያ ቀን ምሳችንን አንድ ገበታ ላይ ሁለት ባዕድ ሆነን በላን።

መሥሪያ ቤትዎ ያችኑ የፈተና መኪና ከሰዓት በኋላ ለልምምድ ስለሚያከራይ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ልሞክር ብዬ ስነሳ ባለቤቴ «ልምጣ» አለ። የልምምድ ተቆጣጣሪያችሁ ከፊት፣ እሱ ከኋላ ተቀመጡ። የመጀመሪያውን ፍሬን እንደያዝኩ መኪናዋ እንደ ልማዷ ወደ ቀኝ ሸሸች። እኔ ስድብ ስጠብቅ ባለቤቴ ከኋላ «መሪውን ላላ አድርገሽ ዝም ብለሽ ንጂ» አለኝ። መኪናዋ ቀጥ ብላ ሄደች። «አሁን ያዢ።» ወደ ቀኝ ሸሸች። «ሜዳው አዘንብሎ ይሆናል፤ ዙሪና ከወዲያ ወደዚህ ነይ» አለ። ሜዳው ቢሆን ኖሮ አሁን ወደ ግራ መሄድ ነበረባት፤ እሷ ግን አሁንም ቀኟን አልለቀቀችም። በር ላይ ያለው ጎሚስታ ንፋስ ለካልን፤ የሁለቱም የፊት ጎማዎች እኩል ነው።

ከዚያ ባለቤቴ መኪናዋን ተደግፎ «መኪና የምትሸሸው ፍሬኑ ወደሚይዘው ጎማ ነው። አንዱ ይይዛል፤ አንዱ ተኝቷል። የሚይዘው ይግላል» አለኝ። «እኔ አላየውም፤ አንቺ ንኪው።»

የጋለ ብረት የእኔ ሥራ ነው፤ ካውያ የምፈትነው በምራቅ በረጠበ ጣት ነው። ጎንበስ ብዬ በቀኙ ጎማ ቸርኬ ቀዳዳ ጣቴን ሰድጄ የፍሬኑን ብረት ነካ ባደርገው «ችስስ» አለ። በግራው በኩል ያለው እንደ ክረምት ድንጋይ ቀዝቃዛ ነው። ነገርኩት። «እጅሽ አይደለም» አለ። እጄን ለመያዝ እጁን ሲዘረጋ መጀመሪያ ያገኘው የመኪናዋን መስታወት ነበር፤ ጥቂት ጨብጦት ከቆየ በኋላ እኔን አገኘኝ። ተቆጣጣሪያችሁ ይህን ሁሉ እያዩ «ሰዓታችሁ አልቋል» በማለት ሥርዓት ስላስከበሩ አመሰግናለሁ።

፬. ጉዳዩን ባመለከትኩ ጊዜ መኪናዋን በፍጥነት ወደ ጋራዥ ስለላኩ የላቀ ምስጋናዬን እገልጻለሁ። ወደ ቀኝ የምትሄድ መኪና ጥፋቷ በቀኝ መሆን አለበት ተብሎ፣ በጤናው ይሠራ የነበረው የቀኙ ፍሬን ወልቆ በአዲስ ተተካ። መኪናዋም ከበፊቱ በበለጠ ትጋት ወደ ቀኝ ሸሸች። ባለቤቴ ጋራዡ በር ላይ ቆሞ «ግራውን ክፈቱት» እያለ አላላውስ ስላላቸው በመጨረሻ ከፈቱት። የፍሬኑን ሸራ እየገፋ ጎማውን የሚያስይዘው ፒስተን በዝገት ተጣብቆ፣ ከተኛ የቆየ መሆኑ ታየ።

፭. በታደሰችው መኪና ስፈተን መኪናዋ ቀጥ ብላ ሄደች፤ ቀጥ ብላም ልትቆም ነበር። እኔ ግን በየልምምዱ ወደ ቀኝ ስትሸሽብኝ መሪውን ወደ ግራ መሳብ አጥንቴ ድረስ ለምጄ ኖሮ፣ ፍሬን ስይዝ ስቤ የግራውን ምልክት ጨፈለቅሁት። ጋሽ ቀጥ በሉ ረጅም ጊዜ አዩኝና «እናቴ፣ አሁንስ?» አሉ። «አሁንስ እጄ ነው» አልኳቸው። አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጠው ባለቤቴ የፕላስቲኩን መሰበር ሰምቶ ይስቅ ጀመር፤ ቁልፉን ጠረጴዛዬ ላይ ካስቀመጠ ወዲህ ሲስቅ የሰማሁት ያን ቀን ነው። እኔም መሪው ላይ ተደፍቼ ሳቅሁ። ያን ጠዋት ከእኔ በኋላ የተፈተኑ ነባር ተፈታኞች ሁሉ የግራውን ምልክት ሲጨፈልቁ ስላየሁ ብቸኝነት አልተሰማኝም።

በሚቀጥለው ቀጠሮ አለፍኩ። መኪናችን አልተሸጠችም። ባለቤቴ ከጎኔ ተቀምጦ፣ የማያየውን መንገድ በጆሮው እየተከተለ ስሕተቴን ይነግረኛል፤ ሥራ አላጣም።

በቀኝም በግራም በመውደቅ ሙሉ ሥልጠና ያገኘሁ፣ ለጠየቀኝ ሁሉ ይቅርታ ስጠይቅ የኖርኩና ከእንግዲህ አስቀድሜ ጎማውን የምነካ፣ ለመሥሪያ ቤትዎ ረጅም ዕድሜና ለመኪናዎቹ ደግሞ ወቅታዊ ምርመራ የምመኝ፣

ታዛዥ ተፈታኝዎ የነበርኩት ደንብ ልብስ ሰፊ

ተጨማሪ ቃል፦ ሁለተኛውን ፈተና በወደቅሁ ቀን አብራኝ የወደቀች አንዲት ወጣት ነርስ ነበረች። «እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም» ብላ አልቅሳ ሄደች፤ ዳግም አልመጣችም። ጥፋቱ የእሷ እንዳልነበረ መሥሪያ ቤትዎ እስካሁን የነገራት አይመስለኝም። ሥራ እንደሚበዛብዎ አውቃለሁና አድራሻዋን ብቻ ይላኩልኝ፤ እኔው ነድቼ ሄጄ እነግራታለሁ።