ጋኑ ዝም ያለ ሰሞን

ኅዳር ፲፮ ቀን ፲፱፻፳፭ ዓ.ም.

ከጠዋት ጀምሮ ቡና ስንፈለፍል ዋልን። ከጊደር መጋላ ገበያ የመጣው ሁሉ አለቀ። ብርነሽና ሴቶቹ ሰማያዊውን ጣቃ ነክረው አሰጡ። መልካም ቀን ነበር... መፈልፈያውን የሚነዳው የእንፋሎት ጋን እስኪጮህ ድረስ።

ሻዬ ሱሪዬ ላይ ፈሰሰ። ብርነሽ በበሩ አየችኝና ሳቀች። ሚስት ናት፣ ትሳቅ።

መኪናውን የገጠመልን ግሪክ ከመሄዱ በፊት የነገረኝ ትዝ አለኝ። ጋኑ አናት ላይ ያለችውን ማስተንፈሻ እያሳየኝ፣ «ይህች ስትጮህ ደስ ይበልህ። ዝም ስትል ሽሽ» ነበር ያለው። ደስ ይበልህ ማለት ለሱ ቀላል ነው። ድሬዳዋ ተቀምጦ...

ኅዳር ፳፬

ዛሬ አንድ ነጋዴ ሊጎበኝ መጣ። ደረቴን ነፍቼ አስጎበኘሁት። እንጨት ሻጭ አንለምንም። የፈረንጁ ወፍጮ እስኪከፈት ደጅ አንጠናም። ቡናችንን የሚፈለፍለው መኪና ከራሱ ከቡናው በወጣው ገለፈት ይነዳል። መኪናውን አዙሮ የወጣው እንፋሎት በቧንቧ ሄዶ የብርነሽን የቀለም በርሜሎች ያፈላል። የተረፈው ሙቅ ውሃ በግድግዳው ሾልኮ ለጎረቤታችን ለሼኹ ለአው ዐብዱልመሊክና ለደረሶቻቸው የሰላት መታጠቢያ፣ ውዱ ማድረጊያ ይሆናል። የሰው እጅ ማየት ቀረ አልኩት።

ሰውየው ገለፈቱን በእጁ ዘገነና «አሸር ይቃጠላል እንዴ? ተፈልቶ ይጠጣል እንጂ» አለ። ባልደረባዬ ዐብዱልገኒ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ጀርባዬን ግን ለጋኑ አልሰጠሁም።

ይህን መኪና ካላመጣን ብዬ ዐብዱልገኒን የጨቀጨቅሁት እኔ ነኝ። አሁን ፈራሁት ብል ማን ይሰማኛል?

ታኅሣሥ ፫

ውርደት። ከበርሜሎቹ በኩል ፉጨት ሰማሁና ሊፈነዳ ነው ብዬ ሴቶቹን ሁሉ ወደ መንገድ አስወጣሁ። የላላ ቧንቧ ነበር። ብርነሽ እርጥብ ጣቃ ተሸክማ እስከ ሸዋ በር ሮጣለች። ቀለሙ ተበላሸ።

ማታ ራቴን ለብቻዬ በላሁ።

ታኅሣሥ ፰

ዛሬም ጮኸ። ዛሬም ከበርጩማዬ ዘልዬ ተነሣሁ።

ታኅሣሥ ፲፱

ነገ ረመዳን ይገባል ይላሉ። ዐብዱልገኒ ፊቱ ጠቁሮ መጣ።

«ያ ለገሠ፣ የሚጮኸው ለምን በሰላት ሰዓት ብቻ ነው?»

አስረዳሁት። ሠራተኛው ለሰላት ሲነሣ መፈልፈያው ይቆማል። እሳቱ ግን አይቆምም። እንፋሎቱ መሄጃ ሲያጣ በማስተንፈሻው ይወጣል... ይጮሃል።

«አው ዐብዱልመሊክ ተቀይመዋል» አለ።

«ነገሩህ?»

«እሳቸው ምን ይናገራሉ። እኔ ነኝ የማፍረው፣ ወላሂ። በረመዳን እንኳ?»

ምን ልበለው? ወደ በርጩማዬ ተመለስኩ።

ታኅሣሥ ፳፪

አልጮኸም። ሙሉ ቀን። ሻዬን በሰላም ጠጣሁ። እግዚአብሔር ይመስገን።

ታኅሣሥ ፳፫

ዛሬም ዝም። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ከዚያ የግሪኩ ቃል መጣብኝ... ዝም ስትል ሽሽ። ሻዩን አስቀመጥኩት።

ታኅሣሥ ፳፭

መሰላል ይዤ ጋኑ አናት ላይ ወጣሁ። ምነው ባልወጣሁ።

በማስተንፈሻው ክንድ ላይ፣ እንፋሎቱ እንዳያነሣው፣ ግማሽ የወፍጮ መጅ በገመድ ታስሯል። እሳት የሚያነደውን እንደሻውን ጠራሁት። አንገቱን ደፋ። «አቶ ዐብዱልገኒ ናቸው ያሳሰሩኝ። ለጾሙ ብቻ ነው ብለውኝ።»

ፈትቼ ልጣለው? እኔ፣ ክርስቲያኑ፣ በጾማቸው ወር በሰላታቸው ላይ ይጩኽባችሁ ልበል? ጎረቤቱ ምን ይለኛል? ዐብዱልገኒስ ቢቀየመኝ?

እንደሻውን ገለፈቱን ቀነስ አድርገህ ጨምር አልኩት። «እሺ» አለ። የሱ እሺ...



ጥር ፪

ለዐብዱልገኒ ነገሩን ዙሪያ ጥምጥም እየሄድኩ ላነሣለት ሞከርኩ። ብረት ሲታፈን ደግ አይደለም ምናምን። ገብቶታል። «እስከ ዒድ ብቻ፣ ያ ለገሠ። ኢንሻአላህ ምንም አይሆንም» አለኝ። ከዚያ በላይ መናገር አቃተኝ። አፌን የያዘኝ ምንድን ነው? ይሉኝታ። ሌላ ስም የለውም።

ብርነሽን ለጥቂት ቀን ቤት ዋይ አልኳት። በርሜሎቿ ከጋኑ የሚለያቸው አንድ ግድግዳ ነው።

«አንተ ሰው፣ ስንቴ ነው የሚፈነዳው?» አለች።

ስለ መጁ ነገርኳት። «ዐብዱልገኒ የማያውቀውን ያደርጋል?» ብላ እጅጌዋን ጠቀለለች።

ፈራሁ። ለራሴም ሳላፍር እጽፈዋለሁ፤ ፈራሁ።

ጥር ፲፩

ጥምቀት። እሳቱ ጠፍቷል። ጋኑን በእጄ ነካሁት፣ ቀዝቃዛ ነው። በዚህ ወር እንደልቤ የተነፈስኩት ዛሬ ብቻ ነው።

ጥር ፲፭

በግራ እጄ ነው የምጽፈው። ቀኙ ታስሯል።

ዓርብ ነበር፣ የጥምቀት ማግስት። ፈልፋዮቹ ሁሉ ለጁምዓ ወጡ፣ መፈልፈያው ቆመ። እንደሻው ምድጃውን በገለፈት አፍኖ ሞልቶ ሚካኤልን ሊያነግሥ ሄዷል። እኔ በርጩማዬ ላይ ነበርኩ። የጋኑን የእንፋሎት መለኪያ አየሁ። መርፌው ቀዩን መስመር አልፏል... አልፎም ቆሟል። ከጋኑ ወገብ፣ ከብሎኑ ሥር፣ ውሃ እንደ ላብ ያንጠባጥባል። ድምፅ የለም።

«ብርነሽ ውጡ!» አልኩ።

«አሁን ደግሞ ምን ጀመረህ» አለች ከውስጥ። ሴቶቹ ሳቁ።

ሮጥኩ። አዎ፣ ሮጥኩ። የግቢውን በር ይዤ ነበር። ዘወር ስል በቀለም ቤቱ ክፍት በር የብርነሽ ጀርባ ታየኝ። በርሜሉ ላይ ጎንበስ ብላ ታማስላለች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራለች። እግሬ አልሄድ አለኝ።

ተመለስኩ። በመቆስቆሻው እሳቱን ሁሉ ጎትቼ መሬት ላይ ዘረገፍኩት። ከዚያ መሰላሉ። እያለቀስኩ መሰለኝ የወጣሁት። ገመዱን ስቆርጠው መጁ ወደቀ፣ ጋኑ ጮኸ፣ እንፋሎቱ ቀኝ እጄን ፈጀኝ። እንደዚያ ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም። የጀጎል ውሻ ሁሉ አብሮ ጮኸ።

ብርነሽ ሮጣ ወጣች። መጁን አየች። የረጠበውን ጋን አየች። መሬት ላይ ተቀመጠች። ሰማያዊ እጆቿን ፊቷ ላይ አደረገች።

ጥር ፲፯

አው ዐብዱልመሊክ ሊጠይቁኝ መጡ። ዐብዱልገኒ ደግፎ አስገባቸው። ለእጄ ማር ይዘው።

«ጋኑን ለምን ነበር ዝም ያሰኛችሁት?» አሉ።

ዐብዱልገኒ መሬት መሬት እያየ፣ «ሰላት እንዳይረብሽብዎ ብለን ነው፣ አው» አለ።

«ይረብሸኛል ማን አለ?»

ማሩን ወደኔ ገፋ አደረጉና ቀጠሉ።

«ሲጮህ፣ አልሐምዱ ሊላህ፣ ጎረቤቶቼ ደኅና ናቸው እል ነበር። ከጠፋ ወዲህ ነው የተረበሽኩት። ምን ነካቸው እያልኩ በሰላቴ ላይ ልቤ እናንተ ግድግዳ ላይ ነበር።»

«ታዲያ ምነው አልጠየቁን?» አልኩ።

«በሥራችሁ ምን አገባኝ ብዬ፣ ልጄ። አፍሬ።»

ሦስታችንም ተፋፍረን ልንሞት ነበር እኮ! ዐብዱልገኒ እያለቀሰ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ። ከለከልኩት። ተቆጥቼዋለሁ፣ ግን እኔስ ያየሁ ቀን ለምን አልፈታሁትም?

ጥር ፳፮

ዒድ አለፈ። ጋኑ ተጠግኖ ዛሬ እሳት ለኮስን። እንደሻው ሰላት ሲቃረብ ገለፈት መጨመር ያቆማል፤ ስለዚህ አሁን የሚጮኸው አጠር አድርጎ ነው።

የዐስር ሰላት ሊደርስ ሲል ብርነሽ ከበርሜሎቹ ወጥታ መጣች። ክንዷ እስከ ክርኗ ሰማያዊ ነው። ምን ፈለግሽ አላልኳትም። አጠገቤ ቆመች። ሠራተኞቹ ለሰላት ተነሡ፣ መፈልፈያው ቆመ።

ዝም...

ትከሻዬን ያዘችኝ።  በግድግዳው ማዶ የውዱው ውሃ ሲፈስ ይሰማል፣ እዚያም የሚያወራ የለም። እነሱም እንደኛ እየጠበቁ ይሆን?

ጮኸ።

ከበርጩማዬ አልተነሣሁም። ብርነሽ በረጅሙ ተነፈሰች። «በል ሻይህን ጠጣ» ብላኝ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ሸሚዜ ትከሻ ላይ የአምስት ጣቶቿ ሰማያዊ ቀርቷል። አላሳጥበውም።