የእናቴ ድምፅ ያለበት ላፕቶፕ

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 5። ሞጣ። ከቀኑ 7፡00

ዛሬም ያው ነው። ማብሪያውን ስጫነው መብራቱ ይበራል፣ ማራገቢያው ይነፋል፣ የአምራቹ አርማ ብቅ ይላል። ከዚያ ድርቅ። ሃያ ደቂቃ ጠበቅሁ። ያው አርማ። ወደ ሴታፕ፣ ወደ ማሽኑ ማስተካከያ ገጽ፣ ያስገባል የሚባለውን ኤፍ ቱን ደጋግሜ መታሁ። ዲሊትን። ኤፍ አሥራ ሁለትን። ምንም።

ከት/ቤት ለምሳ መጥቼ ነው። የጾም ሽሮዬ ቀዝቅዟል። 9ኛ «ለ» ይጠብቀኛል።

ማስታወሻዬ፣ ላንተ ካልነገርሁ ለማን እነግራለሁ? ቅዳሜ ቢቸና የእናቴ አርባ ወጣ። ሰው ሲበተን የነፍስ አባቷ ቄስ ሞላ ወደ ጥግ ወሰዱኝ። እናትህ አደራ ሰጥቼዋለሁ ብላኝ ነበር፣ አደረስህላት ወይ አሉኝ። እያደረስሁ ነው አባ፣ አልሁ።

ዋሸሁ። ለቄስ። አደራው ምን እንደሆነ እንኳ አላውቅም።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 6። ከቀኑ 10፡30

እንዴት አላውቅም? ልጻፈው፣ ይቅለለኝ።

መስከረም ላይ ለዓይኗ ሕክምና እዚህ መጥታ ሁለት ሳምንት ከኔ ጋር ነበረች። አንድ ከሰዓት የተማሪዎች ምዝገባ ዝርዝር እየተየብሁ ሳለ፣ የምነግርህን ጻፍልኝ አለች። የመጻፍ ጊዜ የለኝም፤ ላፕቶፑ ራሱ ይቀዳዋል እማዬ፣ አልኋት፤ መቅጃውን ከፈትሁና ትየባዬን ቀጠልሁ። እሷ ታወራለች፤ እኔ እተይባለሁ። አልፎ አልፎ እሺ እላለሁ። ሲያልቅ «እማዬ» ብዬ አስቀመጥሁት። አንድም ቀን አልሰማሁትም።

ዛሬ ባትሪውን አወጣሁ። ማብሪያውን አንድ ደቂቃ ሙሉ ተጭኜ ያዝሁ፤ ስልኬ ላይ ያነበብሁት ዘዴ ነው። በቻርጀር ብቻ ሞከርሁ። አርማው መጣ፣ ቆመ። ምናልባት የራሱ ኪቦርድ ይሆናል የተበላሸው ብዬ ከት/ቤቱ ቢሮ ሌላ ኪቦርድ ተውሼ ሰካሁ። ኤፍ ቱ፣ ኤፍ ቱ፣ ኤፍ ቱ። የለም።

ቀኑን ሙሉ ስለ ወንዞች ሳስተምር ውዬ ቤት ስገባ የማናግረው የለም። እሷ የተኛችበት ፍራሽ ግድግዳው ላይ እንደተደገፈ ነው። ላነሳው እላለሁ። አላነሳሁትም።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 8። ከቀኑ 11፡00

መናኸሪያው አጠገብ ሞባይልና ኮምፒውተር የምትጠግን ሴት አለች፣ ሙሉነሽ ትባላለች። ወሰድሁላት። ሠላሳ አምስት ቢሆናት ነው፤ ቀልድ አታውቅም። የሞከርሁትን ሁሉ አስቆጠረችኝ። ጀርባውን ፈታችው። ራም የሚሉትን ትንሽ ካርድ አውጥታ፣ ጠርጋ፣ መለሰችው። ያው አርማ።

ከዚያ ሃርድ ዲስኩን አወጣች። አበራችው። ኤፍ ቱን አንድ ጊዜ ነካች። ሰማያዊው ገጽ ወለል አለ! ሦስት ቀን ስለምነው የኖርሁት ገጽ። ሳላስበው ትከሻዋን ልይዛት ነበር።

«አይደሰቱ መምህር» አለችኝ። ማሽኑ ጤነኛ ነው አለች። ሲነሳ ዲስኩን ይጠይቃል፤ ዲስኩ አይመልስም፤ መልሱን ሲጠብቅ ነው ደርቆ የሚቀረው። የሞተው ዲስኩ ነው።

«ምን ነበረበት?»

የእናቴ ድምፅ አልኋት። መፍቻዋን አስቀመጠች። ነገ ከሰዓት ይምጡ፣ የዲስክ ማስገቢያ ኬዝ ፈልጌ በኔ ኮምፒውተር እንሞክረዋለን አለች። እስከዚያ ማንም እንዳይነካው።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 9። ከምሽቱ 2፡00

ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ይላል። ጆሮዬን አስጠግቼ ሰማሁት። ሙሉነሽ አንድ ነገር ብቻ ይምረጡ አለች፤ ሁሉን ልቅዳ ካልን መሐል ላይ ይሞትብናል። የአሥር ዓመት የትምህርት ዕቅዴ አለ። ፎቶዎች አሉ። «እማዬን» አልሁ።

የተበላሸውን እየዘለለ የሚቀዳ ፕሮግራም ከፈተች። ሁለት ሰዓት ፈጀ። ሱቅ መዝጊያዋ አልፏል፤ አልቸኮለችም፤ ስለናቴ ጠየቀችኝ። ካርባው ወዲህ ስለሷ የጠየቀኝ ሰው የለም። ብዙ አወራሁ መሰለኝ። አፈርሁ።

የተቀዳበት ፍላሽ ኪሴ ውስጥ ነው። ድምፁ የተቆረጠበት ቦታ ይኖረዋል ብላኛለች።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 10። ከጠዋቱ 3፡00

ሰማሁት። በተዋስሁት የት/ቤት ኮምፒውተር፣ ባዶው የመምህራን ክፍል ውስጥ።

መጀመሪያ የሚሰማው የኔ ኪቦርድ ነው። ጠቅ ጠቅ ጠቅ። ከድምፅዋ ይበልጣል። ከዚያ እሷ፦

«አባትህ እዚህ ሞጣ የሞተብኝ ጊዜ አንተ ሰባት ወርህ ነው። አዝዬህ ወደ ቢቸና በእግሬ ወጣሁ። ግንደወይን ስንደርስ ሰውነትህ እሳት ሆነ። እኔም ጡቴ ደረቀ። አንዲት ሴት ከገበያ ስትመለስ አገኘችን፤ እሷም የምታጠባው ልጅ አላት። ቤቷ አስገባችኝ። ሰባት ቀን ሙሉ የራሷን ልጅ በአንድ ጡት፣ አንተን በአንድ ጡት። ትሰማኛለህ ልጄ?»

«እሺ እማዬ» ይላል አንድ ሰው። እኔ ነኝ። ጠቅ ጠቅ።

«ስንለያት ገና አልዳንህም። በር ድረስ ሸኘችኝና፣ ልጁ ከተረፈ ወሬውን ላኪብኝ አለችኝ። ዛሬ ነገ ስል ሳልልክባት አረጀሁ። አሁን ዓይኔም ሄደ። አንተ ሂድና ልጁ ተርፏል በላት። አደራ። ስሟ…»

እዚህ ላይ ድምፁ ይሰነጠቃል። ጭር። ሲመለስ ስለ ጤፍ ታወራለች።

ስድስት ጊዜ መለስሁት። ስሙ የለም።

በግንደወይን መቶ ጊዜ አልፌያለሁ፣ ከመኪና ሳልወርድ። ኪቦርዱን ሰባብሬ ብጥለው ደስ ባለኝ። ምን አደረገ ግን እሱ?

እሑድ፣ ታኅሣሥ 11። ከቀኑ 6፡00

የሺ ጋ ደወልሁ። የሺ፣ እናቴ ቢቸና ገብታ ዳግም ካገባች በኋላ የተወለደች እህቴ ናት። እናታችን ስትታመም ሦስት ጊዜ ደውላልኝ ነበር። ፈተና ላርም፣ እመጣለሁ አልሁ። ከቀብር በኋላ ደረስሁ። ባርባው ዕለት ከእንግዶቹ መሐል አስቀመጠችኝ። እንጀራ አቀረበችልኝ፣ ቀና ብላ አላየችኝም።

ሁሉንም ነገርኋት። ኪቦርዱን፣ እሺታዬን፣ ለቄስ ሞላ መዋሸቴን። አንድም ሳልቀንስ።  

«ጥሩወርቅ» አለች።

ማን ናት አልኋት።

«እኔ ምን አውቄ ወንድማለም! መጨረሻዋ ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ጥሩወርቅ፣ ጥሩወርቅ ስትል ነበር። ጎረቤቱን ሁሉ ጠየቅሁ። የሚያውቃት የለም። ትኩሳቱ ነው የሚያስቀባጥራት አልን።» ከዚያ አለቀሰች። እኔም። ከሞጣ እስከ ቢቸና በስልክ ተላቀስን፣ በቀብሯ ያልተላቀስነው።

ቅዳሜ ግንደወይን እወርዳለሁ አልኋት። ብቻህን አትሄድም አለችኝ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 14። ከቀኑ 10፡00

ሙሉነሽ አዲስ ዲስክ ገጥማ ላፕቶፑን መለሰችልኝ። ይሠራል። ባዶ ነው። ስሙ መቆረጡን ነግሬያት ነበር፤ ተገኘ ወይ አለችኝ፤ ተገኘ አልኋት፤ ቀልድ አታውቅም ብዬ ነበር፣ ሣቀች።

ፍራሹን ዘረጋሁት። የሺ አንድ ቀን ብትመጣ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 17። ግንደወይን። ከጠዋቱ 4፡30

የሺ ቀድማኝ ደርሳ መናኸሪያ ቆማለች። ሳመችኝ። አንድ ኪሎ ስኳርና ነጠላ ይዛለች። ከስታለች።

ገበያተኛውን ጠየቅን። ስም ብቻ ይዞ ሰው መፈለግ ያሳፍራል። አንዱ የለችም ይላል፣ አንዱ ሌላ ጥሩወርቅ ያሳያል። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ የናንተዋ የጋሻው ሚስት ሳትሆን አትቀርም አሉን፤ ያኔ ቤቷ የመንገድ ሰው የማይጠፋባት እሷ ነበረች። በሕይወት አለች? አለች፣ ከቤት አትወጣም እንጂ። እስከ አጥሩ አደረሱን።

አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፈው።  የሺ ግቢው ገብታ በር ከከፈተችላት ልጅ ጋር እያወራች ነው። እኔን የሚያክል ሰውዬ በር ላይ ወጥቶ አየኝ። ጡት የተካፈልሁት እሱ ይሆን? ተያየን። 

ከውስጥ የአሮጊት ድምፅ፦ «ማነው የመጣው? ምነው አታስገቡትም?»

የሺ ዞር ብላ አየችኝ።  እኔን እየጠበቀች ነው።

ልግባ።