ከውኃ ታንከሩ ጎን ለተሰጠን የሠራተኛ ቤት የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የከተማችን የቤት ልማት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? የተከበሩ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ እንዲሁም በወንበርዎ መደገፊያ ላይ የተንጠለጠለው ኮትዎ እንደምን አሉ? ስለ ኮትዎ ለይቼ መጠየቄ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ለጉዳያችን በመጣን ቁጥር እርስዎ ስብሰባ ላይ ሲሆኑ ሳይሰለች ያስተናገደን እሱ ነውና። እኔ በጤና ጣቢያችን የማገለግል አዋላጅ ነርስ ስሆን ከወገቤ በቀር ደኅና ነኝ። ወገቤም ቢሆን፣ ጽሕፈት ቤትዎ እንደሚለው፣ በሂደት ላይ ነው።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው ምስጋናዬን ሌላውም እንዲካፈለው ብዬ ነው። እንደሚያስታውሱት፣ በዚህች ትንሽ ከተማ የምንሠራ አስተማሪዎች፣ ነርሶች፣ ዳቦ ጋጋሪዎችና ሾፌሮች፣ አከራዮቻችን ክፍሎቻቸውን ሐይቁን ሊያዩ ለሚመጡ እንግዶች ስለሰጡብን፣ በአሮጌው መጋዘን ቦታ ላይ አቅማችን የሚችለው የሠራተኛ ቤት ይሠራልን ብለን አመልክተን ነበር። እርስዎም አላሳፈሩንም። ባለፈው ሳምንት ፕላኑ በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ይፋ ሲሆን፣ እኔም በመስታወት የተሸፈነውን ሞዴል ለማየት በሰው ትከሻ ላይ ተንጠራራሁ። ፊታቸውን ወደ ሐይቁ ያዞሩ የሚያማምሩ ቪላዎች ተደርድረዋል፤ ዛፎቹም ስፖንጅ መሆናቸው እስኪረሳ ድረስ ለምልመዋል።

የእኛ ቤት የቱ እንደሆነ ብጠይቅ፣ መሐንዲስዎ በእስክሪብቷቸው ጫፍ ከእያንዳንዱ ቪላ ጀርባ፣ ከውኃ ታንከሩ ጎን የተለጠፈችውን የክብሪት ቀፎ የምታህል ክፍል አሳዩኝ። «የሠራተኛ ቤት» የሚል ጽሑፍም አለባት። ቤተሰብ ያለው ሰው እዚህች ውስጥ እንዴት ይኖራል ብላቸው ግራ ተጋብተው አዩኝና፦ «ሠራተኛ ከአንድ ክፍል በላይ ምን ያደርግላታል?» አሉኝ።

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። እኛ ሠራተኛ ስንል በከተማዋ ሠርቶ የሚያድረውን ሰው ሁሉ ማለታችን ነበር፤ ጽሕፈት ቤትዎ የሰማው ግን ሳህን የምታጥበዋን ብቻ ነው። ይህን ያህል ጥናት፣ ይህን ያህል የልምድ ልውውጥ ጉዞና ይህን ያህል የባለድርሻ አካላት ምክክር በአንዲት ቃል ላይ ተንሸራቶ ጓሮ ሲወድቅ ማየት በየቀኑ የሚገኝ ዕድል አይደለምና፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ስሙ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የእኛን ግን መሐንዲስ አወጣው። ጥፋቱ ምናልባት የእኛው ይሆናል። «ሠራተኞች» ብለን በብዙ ቁጥር ብንጽፍ ኖሮ ከየቪላው ጀርባ ሁለት ሁለት ክፍል ይደርሰን ነበር፤ በአንዲት ፊደል መሰሰታችን ጎዳን። የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር በበኩላቸው ከየትኛው ቪላ ጓሮ እንደሚመደቡ ለማወቅ የጓጉ ሲሆን፣ ሳህን ማጠብም ሆነ በር መክፈት እንደማያዳግታቸው በትሕትና እንድገልጽላቸው አደራ ብለውኛል።

ሁለተኛ፣ ስለ መስኮቱ፣ ማለትም ስለ አለመኖሩ። በአዳራሹ ከጎኔ የቆመች አንዲት ሴት ነበረች፤ እንጀራዋን እንዳልዘጋባት ማንነቷን አልገልጽም። ወጣትነቷን በሰው ቤት ተቀጥራ፣ ልክ እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ እንደጨረሰች፣ በሩ ሲዘጋ ቀኑም ሌሊት እንደነበር በጆሮዬ ነገረችኝ። ስለዚህ ቅሬታዬን ላስተካክል። ከሳህን አጣቢዋ ጋር መቆጠሬ አላስከፋኝም። ያስከፋኝ ለእርሷም ቢሆን መስኮት አያስፈልጋትም ተብሎ መታሰቡ ነው፤ በዚህ ግን ከልቤ ተናድጃለሁ፣ አሁንም አልበረደልኝም።

ሦስተኛ፣ ስለ «ተመጣጣኝ ዋጋ»። ኪራዩ ከምን ጋር እንደተመጣጠነ ብንጠይቅ፣ ከደመወዛችን ጋር ሳይሆን ከፊቱ ከቆመው ቪላ ጋር መሆኑ በዝርዝር ተብራርቶልናል። በዚህ ስሌት የዝሆን ጆሮም ትንሽ ነው፤ ከዝሆኑ ጋር ሲነጻጸር።

አራተኛ፣ ስለ መንገዱ። ባለቤቴ ዳቦ ጋጋሪ ነው። ከተማዋ ስትነቃ ትኩስ ዳቦ እንዲጠብቃት እሱ ቀድሟት መነሣት ስላለበት፣ በጎረቤት ከተማ ከተከራየነው ቤት መመላለስ አልሆነለትም፤ በዳቦ ቤቱ የዱቄት ማከማቻ ውስጥ ያድራል። እኔ በመጨረሻው አውቶብስ እናቴና ልጃችን ወዳሉበት እመለሳለሁ። ትዳራችን በአብዛኛው የሚካሄደው መናኸሪያው ውስጥ ነው፤ እሱ ዳቦ ያቀብለኛል፣ እኔ የታጠበ ሸሚዝ አቀብለዋለሁ፣ የአውቶብሱ ረዳትም ግቡ ግቡ እያለ ይለያየናል። ልጃችን አባቷን «የእሑዱ አባዬ» ብላ ትጠራዋለች፤ የሰኞ ሌላ ያላት ይመስል። ጎረቤት በዚህ ይስቃል። እኔም መጀመሪያ ላይ እስቅ ነበር።

ይህንኑ በአዳራሹ ተነሥቼ ስናገር፣ ክቡርነትዎ በአባታዊ ርኅራኄ ፈገግ ብለው «አይዞሽ እኅቴ፣ መንገድ ይለመዳል» አሉኝ፤ አዳራሹም አጨበጨበልዎ። ቀጥለውም ምራትዎ ነፍሰ ጡር መሆናቸውንና የመጀመሪያ የልጅ ልጅዎን እንደሚጠብቁ አበሠሩን፣ ከተማችንም ሰው የሚወለድባት እንጂ ሰው የሚሰደድባት አትሆንም ብለው ንግግርዎን ዘጉ። እኔም አጨብጭቤአለሁ፤ ልጅ ይወለዳል ሲባል እጄ ዝም ብሎ አይቀመጥም።

ክቡርነትዎ፣ የጎረቤት ከተማው ሆስፒታል ሥራ ከነመኖሪያ ቤቱ ሰጥቶኛል። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ መስኮትም አለው። ባለቤቴም እዚያው ሠፈር ያለ ዳቦ ቤት ይፈልገዋል። እኔ ግን መሄድ አልፈለግሁም፤ ይህን ያለ ምንም ቅኔ ነው የምነግርዎ። በዚህች ከተማ ትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልፍ ከሚሯሯጡት ልጆች ብዙዎቹን መጀመሪያ የታቀፍኳቸው እኔ ነኝ። ስለዚህ ሆስፒታሉን ታገሡኝ ብዬ፣ ከባልደረቦቼ ጋር ሆነን ፕላኑ እንዲታረምና በመጋዘኑ ቦታ የሰው ቤት እንዲሠራ ለመጨረሻ ጊዜ ጻፍንልዎ። መልስዎም ከወትሮው በተለየ ፍጥነት ደረሰን። ፕላኑ ጸድቋል፣ ሐሳባችሁ በቀጣዩ ምዕራፍ ይታያል ይላል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው፤ እኛ ግን ወተቷን የምትጠይቅ ልጅ አለችን።

በማግሥቱ የሆስፒታሉን ቤት ቁልፍ ተቀበልኩ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ እኔ ግን ጨንቆኝ እርጉዞቼን ትቼ ልሄድ ነው። ዳቦውንም ይዤው መሄዴ ግድ ሆኗልና፣ ቁርስዎ ላይ ጉድለት ቢያዩ በቀጣዩ ምዕራፍ እንደሚታይ ተረድተው በትዕግሥት ይጠብቁ ዘንድ እለምናለሁ።

ለደከሙልን ድካም ሁሉ ዋጋዎን አያሳጣዎ። ከአክብሮት ብዛት ብቻ ሳይሆን፣ ያሰቡልን ክፍል ጣሪያው ዝቅ ያለ ስለሆነ ጭምር፣ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሣው፣

ከቪላው ጓሮ፣ ከውኃ ታንከሩ ጎን ተመድባ የነበረችው ሠራተኛዎ፣
አዋላጅ ነርሷ

ይህ ሳይነገር እንዳይቀር፦ በጤና ጣቢያው እስካሁን በእኔ ምትክ የተመደበ አዋላጅ የለም፤ የሚመጣ ቢኖርም የሚያድርበት የለም። ስለዚህ ምራትዎ ምጥ ሲጀምራቸው እኔ ወዳለሁበት ያምጧቸው፤ እንደ እኅቴ እቀበላቸዋለሁ። የመጨረሻው አውቶብስ ቢያመልጣችሁ፣ ዝናብም ቢሆን፣ ኮረኮንቹም ቢያንገላታችሁ አይደንግጡ። መንገድ ይለመዳል።