ሲሞቅ የሚቀመሰው ብርጭቆ

ዛሬ ቅዳሜ፣ ጥቅምት ሃያ ሦስት ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ በራሴ ቤት፣ በወጥ ቤቱ ክብ ጠረጴዛ ዙሪያ፣ አእምሮዬ ሳይናወጥ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ማንም ሳያባብለኝ ይህን የመጨረሻ ቃሌን በምስክሮች ፊት እናገራለሁ። ልቤ ደክሟል፤ አእምሮዬ ግን አልደከመም። የሚጠራጠር ካለ ከፊቴ የቆሙትን ሦስት ጠርሙሶች በሽታቸው ብቻ ለይቼ እነግረዋለሁ።

የሚጽፍልኝ በጋዜጣው ቤት አብሮኝ ያረጀው የእርማት ክፍል ባልደረባዬ ነው። ያልኩትንም፣ በመካከል የሚገባውን ንግግርም ሳይቆርጥ እንዲጽፍ አዝዤዋለሁ። በሕይወቴ የተቆረጠብኝ ይበቃኛል። ምስክሮቼ ከማዶ ያለችው ልብስ ሰፊና የመንገዱ ጥግ ፀጉር አስተካካይ ናቸው። ሴቷ ልጄ፣ ባሏና ታናሽ እህቴም ተቀምጠዋል፤ ወራሾች ስለሆኑ ሊሰሙ እንጂ ሊመሰክሩ አይደለም። ወንዱ ልጄ የለም። ለምን እንደሌለ እደርስበታለሁ።

አስቀድሞ አንድ ነገር ይታረም። ሰፈሩ «ጋሽ ቅምሻ» ይለኛል፤ አያስከፋኝም። የሚያስከፋኝ በሽታው ከቢራ የመጣ ነው የሚለው ወሬ ነው። ሐኪሙ ልብ እንጂ ጉበት አላለም። እኔ ቀማሽ እንጂ ጠጪ ሆኜ አላውቅም። ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ በየቅዳሜው በዚህ ጠረጴዛ ላይ ከየጓዳውና ከየጋራዡ የሚወጣውን የትንንሽ ጠማቂዎች ቢራ እየቀመስኩ በሐሙስ ዕትም ፍርዴን ስጽፍ ኖሬአለሁ። ከአንድ ብርጭቆ የምወስደው ሁለት ጣት ነው። በሁለት ጣት የሰከረ ሰው ካለ ይምጣና ያስተምረኝ።

ፀጉር አስተካካዩ «ጋሼ፣ ሰው እኮ በክፋት አይደለም የሚያወራው» አለ። በምን እንደሆነ ግን አልተናገረም። ይጻፍ።

አንደኛ። ይህ ቤት ለሴቷና ለወንዱ ልጄ እኩል ይሁን፤ የመንገድ ዳሩ ወገን ለእሷ፣ የጓሮው ወገን ለእሱ። በጓሮው ክፍል የወንዱ ልጄ የመጥመቂያ በርሜልና ትልቁ ድስት ትቷቸው በሄደበት ቦታ አሉ። ሴቷ ልጄ ክፍሉን አከራየዋለሁ ብላ ልታወጣቸው በተነሳች ቁጥር ወንበር ይዤ በሩ ላይ ተቀምጫለሁ። ከሞትኩ በኋላ ወንበር ይዤ መቀመጥ ስለማልችል በጽሑፍ እከለክላለሁ።

«አባዬ፣ ክፍሉ እኮ አይጥ እያፈራ ነው!» አለች።

አይጡ ይውጣ፤ በርሜሉ ይቆይ።

ልጄን እወዳታለሁ። ስታመም ፊቷን ሳታጠቁር ያስታመመችኝ እሷ ናት። ነገር ግን የመቅመሻ ብርጭቆዎቼን ሽታ ባለው ሳሙና ማጠቡን እስከ ዛሬ አልተወችም። እንዲህ ያለ ሳሙና አረፋ ይገድላል፤ ጠረኑም ብርጭቆው ላይ ይቀራል። ስንት ጊዜ ነገርኳት! «ንጹሕ ይሁን ብዬ እኮ ነው» ትላለች። አንድ ጊዜ የእሷ ሳሙና አሳስቶኝ አንድን ጠማቂ «ደስ የሚል የሎሚ ጠረን ጨምሯል» ብዬ ከማመስገን ለጥቂት ተርፌአለሁ።

ሁለተኛ። ትንሹ ማቀዝቀዣ ለልጄ ባል ይሰጥ። ከተጋቡ ጀምሮ ዐይኑን ጥሎበታል፤ አሁን ስናገር እንኳ የሚያየው እሱን ነው። በሱቁ ለስላሳ ያቀዝቅዝበት። በዚህ ጠረጴዛ ይህን ሁሉ ዘመን ሲቀመጥ የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «አባባ፣ የቱ ነው ቶሎ የሚመታው?»

«አባባ፣ እሱ እኮ ቀልድ ነበር» አለ።

ቀልድ አንዴ ነው። በየቅዳሜው ሲደገም ጠባይ ይባላል።

ሦስተኛ። የሟች ባለቤቴ ፎቶግራፍ፣ ሬዲዮውና ካልሲዎቹ ለእህቴ ይሁኑ። ስለ ካልሲዎቹ ምስክሮቼ ግራ እንዳይገባቸው ላስረዳ። ዐይን ከምላስ ቀድሞ ይቀምሳል። ያማረ ወረቀት የተለጠፈበት ጠርሙስ ሳይከፈት ይጣፍጣል። ስለዚህ የማን ቢራ እንደሆነ እንዳላውቅ ባለቤቴ ጠርሙሶቹን ካልሲ ታለብስልኝ ነበር። እሷ ካረፈች በኋላ ሥራውን እህቴ ወረሰች።

ልብስ ሰፊዋ ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ ብላ «ለመሆኑ የታጠቡ ናቸው?» አለች።

«አንቺ ደግሞ! እግር ገብቶባቸውም አያውቅ!» አለች እህቴ።

ካልሲ በማልበስ እህቴ እንከን የላትም። በመቅመስ ግን ተስፋ ቆርጬባታለሁ። ጥቁሩንም፣ ቀዩንም፣ ማር የገባበትንም ቀምሳ የምትለው አንድ ቃል ነው፤ «መራራ ነው።»

«መራራ ነገር መራራ ነው፤ ምን ልበል? አንተን ደስ እንዲልህ ወተት ነው ልበል?» ብላ መለሰችልኝ። ይህም ይጻፍ።

አራተኛ። የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ ዓምዴን ለወደደው ይስጥ። የሚተካኝ ሰው ግን ቤቱ ተቀምጦ፣ ጠርሙሱን ሸፍኖ፣ ጠማቂውን ሳያውቅ ይቅመስ። አዘጋጁም የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር አይቁረጥ። ምክንያቱን እናገራለሁ።

ወንዱ ልጄ ቧንቧ ሠራተኛ ነው። በትርፍ ጊዜው በጓሮው ክፍል ቢራ መጥመቅ ጀመረ። ልቅመስልህ ስለው «ገና ነው፣ ሲደርስ» ይለኝ ነበር። እህቴን አላስቻላትም። ከአራት ዓመት በፊት አንድ ቅዳሜ የእሱን ጠርሙስ ካልሲ አልብሳ ከሌሎቹ መካከል አቆመችው። እኔ ያኔ አላወቅሁም፤ ማወቅም የለብኝም። አሠራሬ ይታወቃል። ከእያንዳንዱ ጠርሙስ ሁለት ብርጭቆ ይቀዳል፤ አንዱ በቅዝቃዜው ይቀመሳል፣ ሌላው እስኪሞቅ ይጠበቃል። ቅዝቃዜ ጉድ ይሸፍናል። እንግዳ ፊት ጨዋ ያልሆነ ቤተሰብ እንደሌለ ሁሉ ቀዝቅዞ የማይጥም ቢራ የለም። ሲሞቅ ግን በሆዱ ያለውን ያወጣል።

የልጄ ቢራ ሲሞቅ ቅቤ አወጣ። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ብቅሉ በልክ የተቆላ፣ አረፋው ጽኑ ነው፤ ሲሞቅ ግን የቆየ ቅቤ ይሸታል። ጉድለቱ የእጅ አይደለም፤ ቢራው የተላለፈበት ቱቦ ቆሽሿል። ቱቦውን ይለውጥና ይህን እጅ ደግሜ ልቅመሰው።» በመጨረሻው ሰዓት የጎማ ማስታወቂያ መጣ። ገጽ አቀናባሪው ቦታ ሲያጣ ከታች ቆረጠ። ሐሙስ ጠዋት ሀገር ያነበበው እስከ ቅቤው ድረስ ነው።

ልጄም እስከ ቅቤው አነበበ። የእሱ ጠርሙስ መሆኑን አክስቱ ነግራው ነበር። ልብሱን ሰብስቦ ወጣ።

ምን ያላደረግሁት ነገር አለ? ደወልኩ፤ አያነሳም። ተከራይቶ ወዳለበት ክፍል ሄድኩ፤ ከውስጥ ውሃ ሲንቆረቆር ሰማሁ፣ አንኳኳሁ፣ ውሃው ቆመ፣ በሩ አልተከፈተም። በመጨረሻ የልጄን ባል «ሂድና ቱቦውን ቀይር ብሎሃል በለው» ብዬ ላክሁት። ሄዶ «አባባ ቢራህ ቅቤ ቅቤ ይላል ብለዋል» ብሎት መጣ። ከጎማው ማስታወቂያ የተረፈውን እሱ ጨረሰው።

«ረሳሁት እንጂ ክፋት የለኝም አባባ! ያን ቀን ደግሞ መንገዱ ሁሉ ተዘግቶ ነበር» አለ።

መንገድ ሲዘጋ የሰው ቃል እንደሚጎድል ከእሱ ሰማሁ።

ፍርዴን አላነሳም። ቢራው ቅቤ ይሸት ነበር። የእኔ ልጅ ስለሆነ አይሸትም ብል፣ እነዚያ ሌሎቹ የማን ልጆች ናቸው? የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ቧንቧ ሠራተኛ ነው! የሰው ቤት ቱቦ ሲፈትሽና ሲያጸዳ የሚውል ልጅ በአንድ ክንድ ቱቦ ምክንያት ከአባቱ ቤት ይቅር? ለሰው ብነግር ማን ያምነኛል?

አምስተኛ። የመቅመሻ ብርጭቆዎቼ፣ በመስኮቱ በኩል ያለው ወንበሬና የሞቀውን ብርጭቆ መጨረሻ የመቅመስ ሥልጣን ለ … ይሁን። ስሙ ባዶ ይተው።

ባልደረባዬ ብዕሩን አነሳ። «ባዶ ቦታ ያለበት ኑዛዜ አይፈረምም። ማንም የፈለገውን ይሞላበታል።»

«አውቃለሁ። ስንጨርስ እንሞላዋለን።»

«ካልሞላንስ?»

«ካልሞላን ብርጭቆዎቹ ይሰበሩ። ሳሙናውም ያርፋል።»

ቅዳሜ ስለሆነና የሐሙሱ ጽሑፍ ስለሚጠበቅብኝ ሦስቱ ጠርሙሶች ይከፈቱ አልኩ። ሐኪሙ የፈቀደልኝ አንድ ጉንጭ ብቻ ነው፤ ልጄም እንደ ዘብ ቆማ ትጠብቀኛለች። ስለዚህ ሁለቱን አሸተትኩና ምስክሮቼ እንዲቀምሱልኝ ሰጠሁ። ልብስ ሰፊዋ የመጀመሪያው ቀጭን ነው፣ ሁለተኛው አፍ ይሞላል አለች፤ ትክክል ነች። ፀጉር አስተካካዩ «ይሄም ጥሩ ነው፤ ያኛውም ጥሩ ነው» አለ። ሰውን ሁሉ «ያምርብሃል» ማለት የለመደ ሰው ለፍርድ አይሆንም።

አንዷን ጉንጬን ለሦስተኛው አስቀመጥኩ። ብርጭቆውን በሁለት እጄ ይዤ ጠበቅሁ። ውጭ ዝናብ ይጥላል።

«አባባ፣ እየሞቀ ነው እኮ!» አለ የልጄ ባል።

«ይሙቅ!»

«አንተ ሰውዬ፣ ሰዎቹ ሥራ አላቸው» አለች እህቴ። በዚህ ጠረጴዛ ለማንም ሰው ሥራ ተጨንቃ የማታውቀው እህቴ።

ሞቀ። ቀመስኩት። ብቅሉ በልክ የተቆላ ነው። አረፋው ከብርጭቆው ጠርዝ አልወርድም ብሎ ይዟል። ዋጥኩና ምላሴ ላይ የሚመጣውን ጠበቅሁ። አልመጣም። ይህን እጅ አውቀዋለሁ፤ ቅቤው ግን የለም።

«ይህ የማን ነው?» አልኩ። እህቴ መራራ ነው አላለችም። ወደ በሩ ተመለከተች። ኮሪደሩ ላይ እርጥብ ጫማ ሲንሸራተት ሰማሁ።

«ኮሪደሩ ላይ ያለው ማን ነው? ይግባ፤ ወለሉን አያበላሽ!»

ወንዱ ልጄ ገባ። ጃኬቱ ርሷል፤ የሥራ ቦርሳውን እንደያዘ ነው። ከስቷል።

«ቱቦውን ማን ነገረህ?» አልኩት።

«ማንም።»

«ታዲያ እንዴት አወቅህ?»

«አንዱን ብርጭቆ አስቀምጬ ሲሞቅ ቀመስኩት። ያን ሰሞን ነው። ከዚያ ቱቦውን ቀየርኩ።»

«ያን ሰሞን! ታዲያ አራት ዓመት ሙሉ ምን ስትጠብቅ ነበር?»

ወደ ጫማው አየ። «ደግሜ ልቅመስ አላልክማ አባዬ።»

ባልደረባዬ መጻፉን አቆመ። አራተኛውን አንብብለት አልኩት። ከ«ብቅሉ በልክ የተቆላ» ጀምሮ በጋዜጣው ቤት እንደለመደው ቃል በቃል፣ ነጠላ ሰረዙን ሳይቀር አነበበለት። «ይህን እጅ ደግሜ ልቅመሰው» ሲል ልጄ የሥራ ቦርሳውን መሬት አስቀመጠ።

«ማነው የቆረጠው?» አለ።

«ጎማ» አልኩት።

በአምስተኛው ላይ ያለው ባዶ ቦታ ይሞላ፦ ብርጭቆዎቼ፣ ወንበሬና የሞቀው ብርጭቆ ለወንዱ ልጄ ይሁኑ። በርሜሉ ባለበት ይቆይ፤ አይጡን እሱና እህቱ ይነጋገሩበት።

ልጄ ለመፈረም ብዕሩን ሊያነሳ እጁን ዘረጋ። ወራሽ አይመሰክርም። የሚሠራው ካጣ ብርጭቆዎቹን ይጠብ፤ ሽታ በሌለው ሳሙና። የእኔን ብርጭቆ ግን ይተወው፤ ገና አላለቀም።

ቃሌ ይህ ነው። ከዚህ ቀደም የተናገርኩት ሌላ ኑዛዜ የለም። ተነብቦልኝ፣ ሰምቼ፣ በእጄ ፈርሜአለሁ።

ተናዛዡ — ፊርማ

ልብስ ሰፊዋ፣ ምስክር — ፊርማ

ፀጉር አስተካካዩ፣ ምስክር — ፊርማ

የጸሐፊው ቃል፦ ይህን የጻፍኩት እኔ፣ ተናዛዡ በሙሉ አእምሮ፣ በሙሉ ንዴትና በሙሉ ምላስ መናገራቸውን አረጋግጣለሁ። ሐኪሙ ከፈቀደው ጉንጭ በላይ መጠጣታቸውን አይቻለሁ፤ ሴት ልጃቸውም አይታ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራለች። ከተናገሩት አንድም ዐረፍተ ነገር አልተቆረጠም። — ፊርማ