በሻንጣሽ የመጣው ሻለቃ

ይድረስ ለውድ እህቴ ለሀጀራ፤ ጅዳ።

አሰላሙ አለይኪ ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። እኛ ከናፍቆትሽና ከሐሳብሽ በቀር ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። አንቺስ እንዴት ነሽ? ያ የወገብሽ ሕመምስ? የማዳምሽ ቁጣስ በረደ ወይስ አሁንም እንደ ነሐሴ ሰማይ ነው? ስልክሽስ ለምን ተዘጋ? ሌላውን ብትተይው እንኳ ይሄን መልሺልኝ።

ለእረፍት የመጣችው ጓደኛሽ ዘሀራ ሻንጣውን አድርሳልናለች። የእማ ሻሽ አምሮባታል፤ ጫማዬም ቢጠበኝም ልክ ነው ብያለሁ። ከልብሱ መሀል ግን በፎጣ የተጠቀለለ ጉድ ወጣ፤ ክንድ የሚያህል የጭራቅ ሐውልት፣ የብረት ልብስ የለበሰ፣ ጥርሱ ከከንፈሩ ያመለጠ፣ መጥረቢያ የጨበጠ። እኔ ወዲያው ለየሁት። ቪዲዮ ቤት ካየሁት ፊልም ከጭራቆቹ ጦር አንዱ ነው። ትምህርቴን ትቼ እዚያ የዋልኩት ለካ ለዚህ ቀን ኖሯል!

እማ «ምስል ካለበት ቤት መላኢካ አይገባም፣ አውጣልኝ» አለች። አውጥቼ ዶሮ ቤቱ በር ላይ ዘብ አቆምኩት፤ ሻለቃ ብዬም ሾምኩት። ጎረቤታችን ዓባይነሽ ወንፊት ልትዋስ መጥታ ፊት ለፊት ብትገጥመው «ወላሂ ሰይጣን ነው!» ብላ ሮጠች። ክርስቲያን መሆኗ ትዝ ያላት ደጅ ከደረሰች በኋላ ነው።

ስቄ ሳልጨርስ ከሪያድ የተመለሰው የአጎታችን ልጅ አህመድ መጣ። ገልብጦ እግሩ ሥር የታተመውን ቁጥር ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። «ይሄ የልጅ መጫወቻ አይደለም፣ ሀብታሞች መስታወት ውስጥ የሚያኖሩት ነው፣ እኔ በሠራሁበት ቤት ለሠራተኛ አያስነኩትም ነበር» አለን። «ለመሆኑ ሀጀራ እንዴት አገኘችው?» ብሎ ጠየቀ። ዘሀራን ብንጠይቃት «በጥድፊያ ነው የሰጠችኝ» ከማለት ሌላ አታውቅም። ስልክሽ ደግሞ ዘሀራ ከመጣች ወዲህ ዝግ ነው።

ያቺ አውጣልኝ ያለችው እማ ራሷ መልሳ አስገባችው። በዒድ ነጠላዋ ጠቅልላ ጎታ ውስጥ ገብሱ መሀል አስተኛችው። ልነካው ብል እጄን መታችኝና «የሱ እጅ ቢሰበር የልጄን እጅ ነው የሚጠይቁኝ» አለች። እዚያ አገር በሌባ ላይ ይደረጋል የሚባለውን ሰምታለች። እኔማ አውቅሻለሁ፤ እርሳሴን እንኳ ሳትጠይቂኝ አንስተሽ አታውቂም። ያንቺን የማነሳው እኔ ነበርኩ።

ዘሀራ ስትመለስ ይዛው ትሂድ አለች እማ። እኔ ግን የአሠሪዎችሽ ልጅ በደስታ ሰጥቶሽ ከሆነ፣ እኛው መልሰን ልከን ማዳምሽ ፊት ሌባ እንዳናስመስልሽ ፈራሁ። ተጨቃጭቀን ተጨቃጭቀን ደብዳቤው ብቻ በዘሀራ እጅ ይቅደም አልን። ተሰጥቶሽ ከሆነ ተሰጠኝ በይን። ሌላም ከሆነ አብሽሪ፣ እውነቱን ንገሪን፤ ሻለቃን አንድ ጭረት ሳይነካው እንመልሳለን።

አህመድ ሰላም ብሎሻል። ዓባይነሽም ሰላም ብላሻለች፤ ለኔ ግን የላከችው እርግማን ነው። አባባ ሰላም ብለውሻል። ገበያ ደርሼ ልምጣ እያሉ በየቀኑ ስልክሽን ሊሞክሩ ይወጣሉ፤ ባዶ ዘንቢል ይዘው ይመለሳሉ። ለዘሀራ ሻይ አፍይላት፣ አደራሽን።

እማ ሰላም ከማለቷ በፊት አንድ ነገር ጻፍልኝ ብላለች። መልሱን ሌላ ሰው እንዳይጽፍልሽ። ማንበብ ባትችልም ያ ወደ ጎን የሚወድቀው ጽሕፈትሽ አይጠፋትም። የምትጽፊው ቢጠፋሽ እኔን ስደቢኝ፣ ገጹ እስኪሞላ ስደቢኝ፤ ብቻ በገዛ እጅሽ ይሁን።

ወንድምሽ ሃሩን
መካነ ሰላም፣ የካቲት 9 ቀን 2002 ዓ.ም.