ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ የቆመው ሲራራ

2002 ዓ.ም.፣ ጅቡቲ

ዓርብ፣ መስከረም 22

መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። አንሶላ አርጥቤ መስኮቱ ላይ ሰቀልኩ። ትንሽ ይሻላል።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ዓርብ ከሌላው ቀን አይለይም ነበር። አሁን ቡርቱካን ትመጣለች። ፈረንሳዮች ቤት ተቀጥራ ትሠራለች፤ ዓርብ ከሰዓት ዕረፍቷ ስለሆነ ፈረንሳይኛ አስተምራታለሁ። ስትጽፍ ጎበዝ ናት። መናገር ግን... «ማዳም ስትጠራኝ ምላሴ ይተሳሰራል፣ ቲቸር።»

ዛሬ ደብተሯን ትታ ካርቶን ተሸክማ መጣች። የአሠሪዎቿ ልጆች ሊጥሉት ሲሉ ለምና የወሰደችው ነው። ውስጡ ወፍራም የሕግ መጽሐፍ፣ ካርታ፣ ብዙ ፊት ያላቸው ባለቁጥር ጠጠሮች።

«ምንድን ነው?»

«ጨዋታ ነው። ጠረጴዛ ከበው ሲያወሩ ይውላሉ። አንዱ ጠንቋይ ነኝ ይላል፣ አንዷ ወታደር ነኝ ትላለች።»

«የሚያሸንፈው ማን ነው?»

«እንጃ... ማንም።»

ማንም የማያሸንፍበት ጨዋታ ይሄ ሁሉ ሕግ ምን ያደርግለታል?

ቅዳሜ፣ መስከረም 23

መጽሐፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ አነበብኩት። ነገሩ ቀላል ነው። አንዱ ተራኪ ይሆናል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ይሆናሉ። ተራኪው ያሉበትን ሁኔታ ይነግራቸውና «ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። የፈለጉትን ይመልሳሉ። የሚያጠራጥር ሲሆን ጠጠር ይጣላል፤ ትልቅ ቁጥር ከወጣ ይሳካል፣ ትንሽ ከሆነ አይሳካም። የቀረው ስለ ዘንዶ ነው።

ዘንዶውን ሰረዝኩት። በምትኩ ሲራራ አደረግሁ፤ በድሮ ዘመን ቡናና ማር ጭኖ ከደጋ ወደ ባሕር የሚወርድ። መንገዱን ከጂኦግራፊ ካርታዬ ላይ አንድ በአንድ ገለበጥኩ። ከሐሳብ የመጣ ተራራ አልወድም።

የራሷ ምላስ ከተሳሰረ፣ በሌላ ሰው ምላስ ትሞክር። የሲራራው አስተርጓሚ ትሆናለች።

ዓርብ፣ መስከረም 29

ገና ስንጀምር ዘቢባ መጋረጃውን ገልጣ ገባች። የቤቱ ባለቤት ናት፤ ማዕከላዊ ገበያ ጨርቅ ትነግዳለች። ጠጠሮቹን አየች።

«አይናለም! ቁማር? በኔ ቤት?»

«ትምህርት ነው።»

«ቁማርም ያስተምራል። የባሌ ወንድም ስንት ተምሮበታል መሰለሽ!»

ጠጠሮቹን ሰብስቤ ካርቶኑ ውስጥ ከተትኩ። በቤቷ ሕግ አልከራከርም። ትምህርቱ ግን ቀረ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 2

መላ ተገኘ። ከታች ካለው ሻይ ቤት የለስላሳ ቆርኪ ለቅሜ አጠብኩ። በእያንዳንዱ ሆድ ከአንድ እስከ ሃያ ቁጥር ጻፍኩ። ባዶ የወተት ቆርቆሮ ውስጥ ጨመርኳቸው። እጅ ሰድዶ አንድ ማውጣት ነው። ለዘቢባ አሳየኋት።

«ይሄ ዕጣ ነው። ዕቁብ አይደለም እንዴ?»

ፈቀደች። እንዲያውም እሷም ልትጫወት ነው። ነጋዴ ትሆናለች። ሌላ ምን ልትሆን! ከጭነቱ ላይ አንድ ጣቃ ነጭ ጨርቅ ደርባለች፤ እሱን ግን አልሸጥም ትላለች።

ዓርብ፣ ጥቅምት 6

አራተኛ ሰው ተጨመረ። ዋለልኝ። ግቢው ውስጥ ኋላ ያለችውን ክፍል ከዘቢባ ተከራይቷል፤ ገበያ ላይ በእጅ ጋሪ ጨርቋን ይገፋላታል። የኮምቦልቻ ሰው ነው። የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። አደጋ ደረሰበትና ተወ፤ ይሄን ብቻ ነው የማውቀው። ዓመት ሊሞላው ነው፣ መኪና የሚባል ላይ አይወጣም፣ በተሳፋሪነት እንኳ። ባቡር በዚያ አይሄድ። ስለዚህ አገሩ አልገባም። ትንሽ ልጅ አለችው። ሚስቱ ስትደውል ስልኩን ይዞ ወደ ጥግ ይሄዳል፤ የሚሰማው «እሺ... እሺ...» ብቻ ነው።

ዘቢባ እጁን ይዛ ጎትታ አስገባችው። «ና ቁጭ በል፣ ሰው ጎድሎናል።»

«ምን ልትሆን ትፈልጋለህ?» አልኩት።

«እኔ ከኋላ ልሁን፣ ቲቸር። ጭራው ላይ።»

«እዚያ ምን ትሠራለህ?»

«የወደቀ ካለ አነሳለሁ።»

እስከ መጨረሻው ሌላ ቃል አልተናገረም። ከመሄዱ በፊት ግን ወንበሮቹን አስተካከለ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 13

በሳቅ ሆዴን አሞኛል። ሽፍቶች መንገድ ዘጉባቸው። መጽሐፉ እዚህ ላይ ውጊያ ነው የሚለው።

«ምን ታደርጋላችሁ?»

ቡርቱካን፦ «እንሸሻለን!»

ዘቢባ፦ «ምን ያሸሻል? አለቃቸውን ጥሩልኝ።» ወደ እኔ ዞረች፤ አለቃቸው እኔ ነኝ መሰለኝ። «አንተ፣ ሰላም አይባልም እንዴ? የማን ልጅ ነህ? ይሄ የለበስከው ምንድን ነው፣ ከሩቅ ያስታውቃል፣ ቀለሙ የሚለቅ ነው።»

«ዘቢባ፣ ሽፍታ ነው እኮ።»

«ሽፍታ ልብስ አይለብስም?»

መጽሐፉን አገላበጥኩ። ለውጊያ ብዙ ገጽ አለው። ለክርክር አንድ መስመር የለም። የጻፈው ሰው ገበያ ወጥቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። በዳር በኩል የራሴን ሕግ ጻፍኩ፤ ቆርኪ ወጣ፤ አሥራ ስምንት። ሽፍቶቹ ማሳለፍ ብቻ አይደለም፣ ጭነትም አገዙ።

ያኔ ነው ዋለልኝ ከጥግ፦ «አዴ ዘቢባ፣ በዱቤ ግን እንዳትሰጫቸው።»

ሁላችንም ዞረን አየነው። ሲቀልድ ሰምቼው አላውቅም። እሱም የገረመው መሰለኝ።

ለተሳትፎ ነጥብ መያዝ ጀምሬ ነበር። ቀደድኩት።

ዓርብ፣ ጥቅምት 20

ቡርቱካን እየሮጠች ገባች። ማዳም ዛሬ ከሰዓትም ሥሪ ስትላት፣ በፈረንሳይኛ «አይሆንም ማዳም፣ ዓርብ ሰዎች ይጠብቁኛል» አለቻት። ማዳም «እሺ» አለች። «አስተርጓሚዋ ናት የተናገረችው ቲቸር፣ እኔ አይደለሁም!»

ግሱን በትክክል ነው ያረባችው፤ ጠይቄ አረጋገጥኩ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 27

ምን አደረግሁ?

ሲራራው ከደጋው ጫፍ ደረሰ። ከባቲ በታች ያለው ቁልቁለት፣ ከካርታው ላይ እንደገለበጥኩት። በወረቀቴ ላይ እንዲህ ብዬ ጽፌ ነበር፤ የመጨረሻዋ ግመል ጭነቷ ይዞርባታል፣ ትደነብራለች። ጭራው ላይ ከዋለልኝ ጋር አንድ ረዳት አለ፣ ገመዷን እጁ ላይ ጠምጥሟል፣ ወደ ገደሉ እየጎተተችው ነው። አነበብኩና ወደ ዋለልኝ ዞርኩ።

«ምን ትለዋለህ? ያዝ ወይስ ልቀቅ?»

ፊቱ አመድ መሰለ። ላብ... መስኮቱ ክፍት ነበር እኮ።

«ይሄን ማን ነገረዎት?»

«ማንም... ምኑን?»

ተነሣ። ጉልበቱ ቆርቆሮውን መታው፣ ቆርኪው ወለሉ ላይ ተበተነ። ወጣ።

ለቀምኩት። ሃያውም አለ። ምን ይጠቅማል?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 28

ዘቢባ ነገረችኝ። አደጋው የደረሰበት እዚያው ቁልቁለት ላይ ነው፤ ፍሬን እምቢ አለው። ሙላው የሚባል ረዳት አብሮት ነበር፤ የአገሩ ልጅ፣ በዕድሜ እኩያው። ዋለልኝ «ዝለል!» አለው። ሙላው ዘለለ። ድንጋይ ላይ አረፈ። ዋለልኝ መሪውን እንደያዘ ቀረ፣ መኪናው ታች ሜዳው ላይ በራሱ ጊዜ ቆመ። አንድ ጭረት አልነካውም።

ጭነቱን በሌላ መኪና አጅቦ እዚህ ደረሰ። መመለስ አቃተው። ቀብሩ ላይ አልቆመም። የሙላው እናት ፊት አልቀረበም።

«ዝም ብዬው ቢሆን ኖሮ ይተርፍ ነበር ይላል። ሌላ ነገር አይልም።»

«ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?»

«የሱ ነገር ነው፣ የኔ ወሬ አይደለም።»

ልክ ናት።

እሑድ፣ ጥቅምት 29

ቀኑን ሙሉ መንገዱን ስቀይር ዋልኩ። ገደሉን አጠፋሁ። ሜዳ ለሜዳ ወሰድኳቸው። በአገሩ ላይ የሌለ ሜዳ...

የዋለልኝን በር አንኳኩቼ ነበር። ማንም እንዳልነገረኝ ነገርኩት። «አውቃለሁ ቲቸር፣ ይቅርታ» አለ። በሩን ግን አልከፈተም።

ዓርብ፣ ኅዳር 4

አዲሱን ካርታ ዘረጋሁ። ቡርቱካን ቶሎ አየችው።

«ገደሉ የት ሄደ?»

«አጠፋሁት። ተመልሶ ከመጣ ብዬ...»

«ቲቸር፣ እሱ እኮ መንገዱን ያውቀዋል። እርስዎ ቢያጠፉት ይጠፋል?»

ዘቢባ እግሯን ዘረጋችና ፈረደች፦ «አንወርድም። ጭራው ላይ ሰው ሳይኖር እንዴት ይወረዳል? አፋፉ ላይ እንሰፍራለን። እኔ ሱቅ እከፍታለሁ።»

የድሮውን ካርታ መለስኩ።

ዓርብ፣ ኅዳር 11

አሁንም አፋፉ ላይ ነን። ዘቢባ ለአላፊ አግዳሚ ውሃና ሰሌን ትሸጣለች። ከሽፍቶቹ አንዱን ተላላኪ አድርጋ ቀጥራዋለች። ቡርቱካን ከአንድ ግሪክ ነጋዴ ጋር በፈረንሳይኛ ተጣላች፤ ግሪኩ እኔ ነበርኩ፣ ተሸነፍኩ።

መጋረጃው ሥር ሁለት ነጠላ ጫማ ይታያል። ማንም ዞር ብሎ አላየም። ዘቢባ ለግሪኩ «አይንህ ጨርቁ ላይ፣ እጅህ ኪስህ ውስጥ፤ ምን ዓይነት ገዢ ነህ?» ስትለው ከውጭ ሳቅ ተሰማ። ትንሽ ሳቅ፣ እንደ ሳል።

ዓርብ፣ ኅዳር 18

ዛሬ አረፋ ነው፣ ጨዋታ የለም። ዘቢባ ጾም ላይ መሆኔን ታውቃለች፣ ቴምር ላከችልኝ። ያመጣው ዋለልኝ ነው። ሳህኑን አስቀምጦ በሩ ላይ ቆመ።

«እስካሁን አልወረዳችሁም?»

«ሰው ጎድሎናል።»

ራሱን ነቀነቀ። ሄደ።

ዓርብ፣ ኅዳር 25

መጣ። የቀድሞ ቦታው ተቀመጠ።

«ከየት ነበር?»

«ከግመሏ።» ወረቀቴን አወጣሁ። «ከፈለግህ እንለፈው።»

«አይ። ያንብቡት።»

አነበብኩ። ግመሏ፣ ገመዱ፣ ረዳቱ። «ምን ትለዋለህ?»

ካርታው ላይ ቁልቁለቱን በጣቱ ነካ።

«ልቀቅ እለዋለሁ።» ከዚያም፦ «ዓመት ሙሉ ሌላ ቃል ስፈልግ ነበር። አላገኘሁም።»

ቆርቆሮውን አቀረብኩለት። ቆርኪ አውጥቶ ሳያየው እጄ ላይ አኖረው። ገለበጥኩት። ሦስት።

ዕድሜዬን ሙሉ ለአንድ ተማሪ ግማሽ ነጥብ ጨምሬ አላውቅም። ዛሬ አሥራ ሰባት ልል አፌን ከፍቼ ነበር። አንገቱን አስግጎ አየው።

«ሦስት ነው፣ ቲቸር። ይንገሩን።»

ነገርኳቸው። ረዳቱ ገመዱን ለቀቀ። ከእግሩ ሥር ያለው ድንጋይ ከዳው። ወደቀ።

ከዚህ በኋላ መጠየቅ አቃተኝ። ቡርቱካን ናት የጠየቀችው፤ ቀስ ብላ፦ «ምን ታደርጋለህ፣ ጋሽ ዋለልኝ?»

«ጭራው ላይ የቆምኩት ለምን ሆነና? እወርዳለሁ።»

«ብቻህን አትወርድም» አለች ዘቢባ። «ሱቁን ዘጋሁ።»

ወረዱ። ሦስቱም። ሬሳውን አነሡ። ዘቢባ ከነጩ ጨርቅ ቀደደችለት፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አልሸጥም ስትል የነበረውን። ቡርቱካን ለመቃብሩ ድንጋይ አቀበለች። እኔ ምንም አልተረክሁም፤ ራሳቸው ነበሩ የሚናገሩት።

«ስሙ ማን ነው?» አለች ቡርቱካን።

ወረቀቴን አየሁ። ስም አልሰጠሁትም ነበር።

«ሙላው ነው» አለ። ከዚያ አለቀሰ። ዘቢባ ጀርባውን እያሻሸች «በል... በል...» ትለው ነበር።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 2

ከጨዋታው በፊት ዋለልኝ ዘቢባን፦ «አዴ፣ እናቱን ሁኚልኝ።»

«የማንን?»

«የሙላውን። ሄጄ በሩን ያንኳኳሁ እንደሆነ።»

ዘቢባ ሻሿን አስተካክላ ተቀመጠች። ሦስት ጊዜ አደረጉት። አንዴ ረገመችው። አንዴ በር ዘጋችበት። አንዴ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። በመጀመሪያው ላይ ተንተባተበ። በሦስተኛው እስከ መጨረሻው ተናገረ።

«በየትኛው እንደምትቀበልህ እንጃ» አለችው። «ለሦስቱም ተዘጋጅተህ ሂድ።»

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 14

ሄደ። ሁለት ሳምንት ሙሉ የቆሙ መኪናዎች ጋቢና ውስጥ ገብቶ ሲቀመጥ ነበር፤ ከሾፌሮቹ አንዱ ወዳጁ ነው። ዛሬ ከእሱ ጎን ተቀመጠ። በሩን ከፍቶ ወረደ። ተመልሶ ተሳፈረ። ቡርቱካን ሥራ ላይ ናት። ዘቢባ በመስኮቱ ለመንገዱ ትልቅ ፌስታል ሰጠችው። እኔ ምን ልበለው? «ቀስ በሉ» አልኩ። የቆምኩት መኪናው እስኪታጠፍ ድረስ ነው።

ዓርብ፣ ጥር 7

በዘቢባ ስልክ ደወለ። ልጁ ከኋላ ትጮኻለች፣ አገሩ ከገባ ጀምሮ ከአንገቱ አልወረደችም። ቁልቁለቱን ሲወጡ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር፤ ግማሽ መንገድ ላይ ገለጠው። የሙላው እናት ጋ ሄደ።

«ከሦስቱ የትኛው ሆነ?» ዘቢባ ጮኸች።

«ከሦስቱም አይደለም። እንድቀመጥ አደረገች። ምግብ አቀረበች። ብላ አለችኝ። ስበላ ቆማ አየችኝ። ስጨርስ፣ እሑድም ና አለች።»

ዘቢባ ስልኩን ለቡርቱካን ሰጥታ ወደ ጓዳ ገባች።

መንዳቱ ገና ነው አለ። ምናልባት ጭራሽ። ለሲራራው ግን ሰላም በሉልኝ አለ።

ዛሬ የምትተርከው ቡርቱካን ናት። መጽሐፉን ራሷ አንብባዋለች፣ ዘንዶውንም መልሳ አስገብታዋለች። አልተቃወምኩም። እኔ መጀመሪያ ዳር ልቀመጥ ብዬ ነበር።

«ዳር የለም፣ ቲቸር። ጭራው ክፍት ነው።»

ስለዚህ ጭራው ላይ እኔ ነኝ። ባሕሩ እየታየን ነው። ከኋላችን አቧራ ተነሣ፣ አንዳች ነገር እየመጣ ነው አለች። ከዚያ እኔው ባስተማርኳት ድምፅ፦

«ቲቸር፣ ምን ያደርጋሉ?»

አሰብኩ። ካርታውን አየሁ። እዚያ ላይ ምንም አልተጻፈም።

«አላውቅም» አልኩ። ይሄን ቃል ክፍል ውስጥ ተናግሬው አላውቅም።

«አላውቅም መልስ አይደለም» አለች ዘቢባ፤ እሷም የኔን ድምፅ ተምራዋለች።

«እሺ... ዞሬ አየዋለሁ።»

ቆርኪ አወጣሁ። ሁለት። ከግመሌ ወደቅሁ። ዘቢባ እስኪያስላት ሳቀች፣ ቀጥሎም ሁለቱ ሊያነሱኝ ተመለሱ።