የባለስሙ መንገድ ጉድጓድ

ወንድሜ ዐብዱልሐኪም፣

አላህ ይማረኝ፣ እናታችን ያወረዱልህን ዱዓ እኔ ጸሐፊዋ እኅትህ ነሲማ አሳጥሬዋለሁ፤ አለዚያ ወረቀቱ አይበቃም ነበር። የቀረው የሳቸው ቃል ነው።

«ልጄ፣ አላህ ከክፉ ይጠብቅህ። እኛ ደኅና ነን፣ ጣሪያውም ዘንድሮ አያፈስም። ጉድጓድ ገብተህ እግርህ የተሰበረበት የካናዳ መንገድ በትልቅ ሰው ስም ይጠራል አሉ። ታዲያ ባለስሙ ጉድጓዱን አይደፍንም? እኛ እዚህ ፈላና በር ሰፈር ስም የሌለውን መተላለፊያ እንኳ ዝናብ ሲሸረሽረው ድንጋይ ይዘን እንወጣለን። ቤቱ ሄደህ በአክብሮት ንገረው።»

ሰውዬው ከሞተ ቆይቷል ብላቸው፣ «ልጆች የሉትም?» አሉኝ።

«እኔ አልሰጋም። ብቻ ፎቶግራፍ ስትልክ ፊትህ ብቻ አይሁን፤ በሁለት እግርህ ቆመህ ተነሣ። አላህ ያጽናህ።»

አልሰጋም ይበሉ እንጂ፣ ፊትህ ብቻ ያለበትን ፎቶግራፍ ገልብጠው ከጀርባው እግርህን ሲፈልጉ አይቻቸዋለሁ።

«ነሲማ! እኔ ንግግሬን ጨርሻለሁ፤ እጅሽ ገና ምን ይጽፋል?»